በዓልን በገዛ ቤት መዋልና የዘመድ ፍቅር

ገናና ፋሲካ በተቃረቡ ቁጥር በየቁምስናችን ባሉ ባለትዳሮች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ዘንድሮ በዓሉን የምንውለው የት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለሚሰማው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ባልና ሚስት የተቀያየሙበት፣ አማትና ምራት ሳይነጋገሩ የከረሙበት፣ ያረጁ ወላጆች ደጅ ደጁን ሲያዩ ውለው ያመሹበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ጉዳዩን ከቅዱስ መጽሐፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ከሀገራችን ልማድ ጋር እያገናዘብን ልንመለከተው ወደድን።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ባል የሰላ ድንጋይ ተወላጅ ነው እንበል፤ ሚስት ደግሞ ከጉራጌ፣ ከእምድብር አካባቢ የመጣች ናት። የሚኖሩት አዲስ አበባ ሲሆን ሦስት ልጆች አሏቸው። የመስቀል በዓል ጉራጌ ሁሉ ከያለበት ወደ ትውልድ ቀዬው የሚተምበት ነውና በመስከረም ወደ እምድብር ይሄዳሉ። ለገና የባልን እናት ለመጠየቅ ላምበረት መናኸሪያ ተሰልፈው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ፤ ከዚያም ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞጃና ወደራ ይቀጥላሉ። ለፋሲካም እንደዚሁ። ትዳር ከመሠረቱ አሥር ዓመት ሲሞላቸው በታላላቆቹ በዓላት የገዛ ቤታቸው ሁልጊዜ ተቆልፎ ውሏል፤ በወለሉም ላይ ለገና ወይም ለፋሲካ ቄጠማ ተጎዝጉዞ አያውቅም። ልጆቻቸው በዓል ማለት በሌላ ቤት እንግዳ መሆን ይመስላቸዋል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች አንድ ዓመት «ዘንድሮስ በቤታችን እንዋል» ቢሉ በወላጆቻቸው ላይ በደል ፈጸሙ ይባላልን?

እኛ አይባልም እንላለን። ነገር ግን ቤቱ የሚውል ሁሉ በአንድ ምክንያት አይውልምና ይህን አነጋገራችንን ማብራራት ይገባናል።

የወላጅ ቤት ስለ ምን ይናፈቃል?

በመጀመሪያ ሰው በበዓል ወደ አባቱ ቤት የሚሄድበትን ምክንያት አቅልለን እንዳናየው ያስፈልጋል። ሰላ ድንጋይ ብርዱ የሚጠና ደጋ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት አገር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የምትኖር እናት ለበዓል የምትሰናዳው በዋዜማው ብቻ አይደለም። ጌሾውን ቀድማ ትወቅጣለች፤ ጠላውን ትጠነስሳለች፤ ዶሮውን ከሌላው ለይታ ትቀልባለች፤ በርበሬውን ታስደልዛለች። ዶሮው ሲገነጠል 12 ብልት ይወጣዋል፤ እናትም ይህ የእገሌ፣ ያ የእገሊት እያለች በልቧ ትደለድለዋለች። የታሰበለት ልጅ ሳይመጣ ሲቀር ታዲያ የምታዝነው ወጡ ስለ ተረፈ አይደለም።

ደግሞም በበዓል የሚገኘው መብልና መጠጥ ብቻ አይደለም። በወሰን የተጣሉ ወንድማማቾች የሚታረቁት፣ የታመመ ዘመድ የሚጠየቀው፣ ልቅሶ ያልደረሰ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው፣ የልጆች ጋብቻ የሚመከረው ዘመድ ሲሰበሰብ ነው። ከተማ የተወለዱ ሕፃናት አክስትና አጎታቸውን፣ የአጎት የአክስት ልጆቻቸውን የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው። በአማራው ባህል ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሚቆጥሩለት አያቶች ጋ ቀርቦ የማያውቅ ልጅ ግን ቆጠራውን ከማን ይማረዋል? በመጨረሻም የሽማግሌ ምርቃት አለ። እጅን ዘርግቶ «ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» የሚል አባት በቤት ውስጥ ያለው ለተወሰነ ዘመን ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሁሉ «ልማድ ነው» ብለው በአንድ ቃል ሲያልፉት ስንሰማ እናዝናለን።

በሌላ በኩል ወላጅና ልጅ በየቤታቸው መኖራቸው ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሚኖሩት በዚሁ በሰላ ድንጋይ በራሳቸው ግቢ ነበር፤ ልጃቸው ንጉሡ ደግሞ ግቢያቸው በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን ነበር። እናት በእናትነታቸው፣ ልጅም በንጉሥነታቸው ቤት ቤታቸውን ይዘው ኖረዋል።

ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያሳየናል?

የበዓላት ሁሉ ምሳሌ የሆነው የመጀመሪያው ፋሲካ የተደረገው በየቤቱ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 እንደምናነበው እያንዳንዱ አባወራ ለቤቱ አንድ ጠቦት እንዲያዘጋጅ ታዘዘ፤ ደሙም የተቀባው በየቤቱ መቃንና ጉበን ላይ ነበር። ቤተሰቡ አነስተኛ ሆኖ አንድ ጠቦት የማይጨርስ እንደ ሆነስ? በቅርቡ ካለው ጎረቤት ጋር አብሮ እንዲካፈል ተነገረው። ይህ ትእዛዝ የእኛን ቅርጫ ያስታውሰናል። በሬ ለአንድ ቤት ይበዛልና ጎረቤት ተሰብስቦ ይገዛል፣ ያርዳል፣ መደብ መድቦ በዕጣ ይካፈላል። እግዚአብሔር በዚያች ሌሊት ለትንሹ ቤት ያዘዘለት ተካፋይ ከበሩ አጠገብ ያለውን ሰው ነው።

በዚያው ምዕራፍ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ልጆች «ይህ ሥርዓት ምንድር ነው?» ብለው ሲጠይቁ ወላጆች ትርጉሙን እንዲነግሯቸው ታዝዟል። በምሳሌያችን ያነሣነውን አባት እንመልከተው። በእናቱ ቤት ሲውል እርሱ ራሱ ልጅ ነው፤ ዳቦውን ባርኮ የሚቆርሰው፣ ጸሎቱን የሚያደርሰው ሌላ ታላቅ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ አክብሮትም ነው። ዳሩ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ እንዲህ ሲሆን ልጆቹ አባታቸው በበዓል ቀን ሲጸልይና ስለ ጌታችን ልደት ወይም ትንሣኤ ሲናገር አንድም ቀን ሳይሰሙት ያድጋሉ። ከእርሱ መስማት ያለባቸውን ነገር ሌላ ሰው ሊተካለት አይችልም።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን የቤትን በዓል ብቻ አያሳየንም። ዮሴፍና ማርያም በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ እንደ ነበር ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል፤ የሚጓዙትም ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኢየሱስ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ ሳይፈልጉት የተጓዙት ከዘመዶች መካከል ያለ ስለ መሰላቸው ነው። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው የዘመድ መልካምነት ነው፤ ልጅን አምነው የሚተዉበት ኅብረት ትልቅ ጸጋ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው ባለበት ሁሉም ሌላው እንደሚጠብቀው እያሰበ ልጁን ማንም ሳይጠብቀው ሊቀር መቻሉ ነው። በበዓል ቀን ሃያና ሠላሳ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ሕፃናት ከጓሮ ወደ ሜዳ ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ ወላጆቻቸው ከእነርሱ ጋር ጥቂት ቃል ሳይነጋገሩ ይመሻል። የናዝሬት ቅዱስ ቤተሰብ እንኳ ልጁን ያገኘው ከዘመዶቹ ጉዞ ተለይቶ ተመልሶ ሲፈልግ ነው።

የልደቱ ሌሊትስ? ዮሴፍ ለቆጠራ የሄደው ወደ ገዛ የዘር ከተማው፣ ወደ ዳዊት ከተማ ወደ ቤተ ልሔም ነበር። ሆኖም በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አጥተው ሕፃኑ በግርግም ተኛ። የመጀመሪያው ገና የተከበረው እንግዲህ በአንዲት ትንሽ ቤተሰብ ነው፤ ሊጠይቋቸው የመጡትም በአካባቢው መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ።

ጌታችን ከእናቱ ቤት ወጥቶ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ኖረ፤ የመጨረሻውን እራትም ከእነርሱ ጋር በላ። ነገር ግን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር በአደራ ሰጠ፤ ያም ደቀ መዝሙር ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥26-27)። ከወላጅ ቤት መለየትና ለወላጅ ማሰብ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ውሳኔ ክርስቲያናዊ ቤተሰብ የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው የመጀመሪያ የእምነት ሰባኪዎች እንደሆኑ አስተምሯል። ቅዱስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት መልእክት ይህንኑ አስፋፍተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የአፍሪካን ሲኖዶስ ፍሬ ሲያቀርቡም ቤተ ክርስቲያንን የእግዚአብሔር ቤተሰብ ብለው ጠርተዋል። አፍሪካዊው ቤተሰብ አያትን፣ አጎትን፣ አክስትንና ወላጅ አልባውን የሚያቅፍ ሰፊ ቤት መሆኑ በሲኖዶሱ እንደ ሀብት ተቆጥሯል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት «አሞሪስ ላኤቲሲያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምዕዳን ሁለቱን አጣምረው ያስተምራሉ። የሚጋቡ ሰዎች አባትና እናታቸውን የሚተዉት ሊጥሏቸው ሳይሆን የልጅነትን ፍቅር በአዲስ መንገድ እንዲገልጹት ነው፤ ይሁን እንጂ ጋብቻ በእውነት መለየትን ይጠይቃል። ትንሹ ቤተሰብም ከሰፊው ዘመድ ተነጥሎ ለብቻው ሊዘጋ አይገባውም። ባልና ሚስቱ እንግዲህ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብለው ሲመክሩ ሁለቱንም ግዴታ በፊታቸው አድርገው ይመክራሉ ማለት ነው።

በግድ የተዋለ በዓል

ሰው ሳይፈቅድ ቤቱ የሚውልበት ጊዜም አለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ጉዞም በብዙ ቦታ ተገትቶ ነበርና ምእመናን የትንሣኤውን ጸሎት በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከታተሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ በመዘጋታቸው ሻንጣውን አሰናድቶ ሳይሄድ የቀረ የሰሜን ሸዋ ልጅ ብዙ ነው። በቤይሩትና በጅዳ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችንማ ብዙ ዓመት ፋሲካን ያሳለፉት የእናታቸውን ድምፅ በስልክ እየሰሙ ነው።

እንዲህ ያለውን በዓል ከፈቃድ ጋር አናምታታው። የናፈቀው ሰው ሀዘኑ ተገቢ ነው፤ «ቤት መዋልም ጥሩ ነው» እያልን ልናጣጥልበት አይገባም። ሆኖም በዚያን ጊዜ ብዙ አባወራዎች በገዛ ቤታቸው ጸሎት መምራት እንዳለባቸው ሳይወዱ ተገነዘቡ። አንዳንዱ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ፈልጎ ያገኘው ያን ጊዜ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቤት መዋል ስሕተት የሚሆነው መቼ ነው?

ጌታችን ለወላጅ የሚገባውን ርዳታ «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቁርባን ነው» በሚል ምክንያት የሚከለክሉትን ሰዎች አጥብቆ ወቅሷል (ማር. 7፥9-13)። ይህ ወቀሳ እኛንም ይመለከተናል። ከሰላ ድንጋይ ከወጡ ምእመናን የአብዛኞቹ ዘመዶች የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ካቶሊካዊ ባልና ሚስት የበዓሉን ቅዳሴ በቁምስናቸው ለማስቀደስ ቢፈልጉ መልካም ፍላጎት ነው፤ ለመቅረታቸውም በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከእናት ጋር ያለን የቆየ ቅያሜ «የቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ እንዳያመልጠን ብለን ነው» በሚል ቃል ሸፍኖ መቅረት ሃይማኖትን ሰበብ ማድረግ ነው። እንዲያ ያለው ሰው ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት ስልክ ቢደውል ይሻለዋል።

ወጪን ሽሽት የሚቀሩም አሉ። በበዓል ሰሞን የመጓጓዣ ዋጋ እንደሚወደድ፣ የበግና የቅቤውም ገበያ እንደሚንር እናውቃለን፤ የሌለው ሰው አለመሄዱ አያስነቅፈውም። በመንገዱ የተረፈውን ገንዘብ ግን ለገዛ ገበታው ማድመቂያ ብቻ ቢያውለው ምን ይባላል? ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናንን የገሠጻቸው አንዱ ጠግቦ ሲሰክር ሌላው ተርቦ ስለሚያድር ነበር (1 ቆሮ. 11፥20-22)። ጌታችንም ግብዣ ስታደርጉ ዘመዶቻችሁንና ባለጸጎች ጎረቤቶቻችሁን ብቻ ሳይሆን ብድር የማይመልሱ ድኆችን ጥሩ ብሎ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥12-14)። በር ዘግቶ በቴሌቪዥን ፊት የሚበላ ዶሮ፣ ቤት ውስጥ ስለ ተበላ ብቻ የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አያሰኝም።

እንዴት እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ ባልና ሚስት ሁለቱም ተስማምተው ይወስኑ። በተለይ ባሎች የሚስቶቻቸውን ድካም እንዲያስቡ እንለምናለን። በአማቷ ቤት ምራት የበዓል ዋዜማዋን በሽንኩርት፣ ቀኑን በእንጀራ ምጣድና በዕቃ ማጠብ ታሳልፋለች፤ ባል ከወንድሞቹ ጋር ጠላ እየጠጣ ሲጫወት እርሷ ለማስቀደስ ጊዜ አታገኝም። እንዲህ ያለችው ሴት «ዘንድሮ ቤታችን እንዋል» ብትል ዘመድ ጠላች ማለት አይደለም። በገዛ ቤቷም ያው ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ደግሞ ባልና ልጆች ሊያግዟት ይገባል፤ አለዚያ ለእርሷ የተለወጠው ማድቤቱ ብቻ ነው።

ውሳኔው ከተደረገ በኋላ ለወላጅ በጊዜ ይነገር። እናት ጠላውን ከጠነሰሰች፣ ዶሮውን ከለየች በኋላ በዋዜማው ማታ ደውሎ «አልመጣንም» ማለት ልብ ይሰብራል። ከወር በፊት «እማዬ፣ ዘንድሮ ገናን ከልጆቹ ጋር ቤታችን ልንውል አስበናል፤ ለጥምቀት ግን እንመጣለን፤ መርቂን» ቢባል ግን ብታዝንም ትመርቃለች። «ለጥምቀት» ያልነው በምክንያት ነው። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ከትንሣኤ በኋላም እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ሁሉ የፋሲካ ደስታ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በዓሉን ያን ያህል ካሰፋችልን ዘመድ ጥየቃውን በአንዲት ቀን ላይ ማጨናነቅ ግድ አይሆንብንም። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን የሚሄድ ሰው መኪናውን ሳይጋፋ ያገኛል፤ እናቱንም ከሃያ እንግዳ መካከል ሳይሆን አጠገቧ ተቀምጦ ያጫውታታል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር በሚልበት ሳምንት የሚመጣ ልጅ ለአንዲት መበለት ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያውቁት ያዩት ናቸው።

አበው ያቆዩልን አክፋይ የሚባለው ልማድም በዚህ ረገድ ይረዳናል። ለጾም መፍቻ የሚሆነውን ለወላጅና ለአማት አስቀድሞ ማድረስ ማለት ነውና ልጅየው ራሱ ባይቀርም ስጦታው ከገበታው ላይ ይገኛል። በሚሄድ ሰው እጅ ቅቤ፣ ቡናና ስኳር መላክ ይቻላል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ገንዘብ መላክ ቀላል ሆኗል። የተላከው ብር ግን ድምፅ የለውምና ልጆቹ አያታቸውን በስልክ «እንኳን አደረሰሽ» ይበሏት።

በቤት የሚደረገው ሥርዓት ብዙ ውጣ ውረድ አያስፈልገውም። ቤተሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ አባት ወይም እናት የዕለቱን ወንጌል ያንብቡ፤ ለምን እንደምናከብር ለልጆች በሚገባቸው ቃል ይንገሯቸው፤ አያቶችንና በሕይወት የሌሉትን በስም እየጠሩ ይጸልዩ፤ ዳቦውን ባርከው ይቁረሱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ወንበር ለእንግዳ ይዘጋጅ። በግቢው ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ አገሩ መሄድ ያልቻለ የቀን ሠራተኛ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የተጠጋ ቤተሰብ አይጠፋም። ቤቱ ለጠቦቱ አነስተኛ ከሆነ ጎረቤት ይጠራ የሚለው የኦሪት ቃል እዚህ ላይ ይፈጸማል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። «ካልመጣህ ልጄ አይደለህም» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ልጃችሁ በገዛ ቤቱ ዳቦ ባርኮ ሲቆርስ ከእናንተ የተማረውን እየፈጸመ ነው። አቅምና ጤና ለሚፈቅድላችሁ ደግሞ አንድ ዓመት እናንተ ብትሄዱላቸውስ? የሰላ ድንጋይ አያት በአዲስ አበባ ምራቷ ጎዝጉዛ ስትቀበላት፣ የልጅ ልጆቿም «የኛ ቤት በዓል» ብለው ሲያሳዩአት ምን እንደሚሰማት ልጆቿ ጠርተዋት ይዩት።

በቁምስና ማኅበራትና በቤተሰብ ጉባኤ ለምትወያዩ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ገናንና ፋሲካን የዋላችሁት የት ነበር፤ የወሰነውስ ማን ነው? በዓል ሳትጠይቁት ያለፈ ከወላጆች ወይም ከወንድሞች ማን አለ፤ የቀራችሁበት እውነተኛ ምክንያትስ ምን ነበር? በሚቀጥለው በዓል በገበታችሁ የሚቀመጠው ከቤተሰባችሁ ውጭ ያለ ሰው ማን ይሆን?